ለክፉ ቀን ምን ታስቀምጣላችሁ? ከአዲስ አበባ እስከ ሞምባሳ በየብስ

ለ14 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የአፍሪካን ካርታ ሰሌዳው ላይ ሰቅዬ፣ እዚህ ደጋ፣ እዚህ በረሃ፣ እዚህ ወደብ እያልኩ በማስመሪያ ስጠቁም ኖርኩ። ራሴ ግን በደቡብ በኩል ከሀዋሳ አልፌ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ቆርጬ ተነሳሁ። እህቴ ናይሮቢ ነው የምትኖረው። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ግን በመኪና ልሂድ፣ ከዚያም እስከ ባሕሩ ልውረድ አልኩ።

አንድ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። በየደረስኩበት ሰዎችን ለክፉ ቀን ምን እንደሚያስቀምጡ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ የአየር ንብረትና ኢኮኖሚ የሚለውን ምዕራፍ ሸምድደው ይፈተናሉ። እኔ ደግሞ ያንኑ ምዕራፍ ከሰው አፍ መስማት ፈለግኩ።

ቀን 1፣ ሐምሌ 6። አዲስ አበባ – ባቱ

ከቃሊቲ ስንወጣ ዝናቡ መስታወቱን ይደበድበዋል። ሐምሌ ነው። በቢሾፍቱና በሞጆ መካከል ገበሬው በሬ ጠምዶ ዋልካውን እያረሰ ነው። ጥቁሩ አፈር እግር ይዞ አይለቅም። ጤፍ ግን ይወደዋል።

ሞጆ ቁርስ ላይ አንድ ገበሬ አጠገቤ ተቀመጡ። ጥያቄዬን ሳነሳ ብዙም አላሰቡበትም። «ጎተራ ነዋ ልጄ። ጎተራው ውስጥ ጤፍ ካለ ምን ክፉ ቀን አለ?» አሉኝ። እርጥቡ ነፋስ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ መጥቶ ደጋው ላይ ወጥቶ ያፈሰዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። ከዚያ ረጅም በጋ ይመጣል። አንዴ የሚዘንብለት አገር አንዴ ይሰበስባል፤ የሰበሰበውን ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ጎተራ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ስምጥ ሸለቆው ይከፈታል። ቆቃን አልፈን ወደ መቂ ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅኩ። ሺህ ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል እያልኩ ሳስተምር የኖርኩትን ቆዳዬ ነገረኝ። መቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ባቱ ደግሞ አበባ፣ ወይንና ዓሣ። እዚህ ሰማዩን ብዙ አይጠብቁም። ከጉራጌና ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱት መቂና ካታር ወንዞች የዝዋይን ሐይቅ ይሞላሉ፣ ሐይቁ ደግሞ በፓምፕ ማሳውን ያጠጣል። ወይኑን ሳይ ቃሉ ራሱ ደስ አለኝ። አባቶቻችን ይህን ከፍታ «ወይና ደጋ» ያሉት ወይን የሚበቅልበት ስለሆነ ነው።

ማታ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ጥብስ በላሁ። አስጋሪው ወጣት ውሃው ከልጅነቱ ጊዜ ይልቅ ሸሽቷል አለኝ። ለክፉ ቀን ምን እንደሚያስቀምጥ ስጠይቀው ሐይቁን አሳየኝ። ያ መልስ ሌሊቱን ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ያስቀመጠውን ገንዘብ ሌላም ሰው በፓምፕ እያወጣበት ነው።

ቀን 2፣ ሐምሌ 7። ሀዋሳ – ዲላ

ሀዋሳን በጥድፊያ አለፍኳት። አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ቆመዋል። በከተማዋ ዳር እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ይታያል። ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሥራ የሚገቡት ልጆች ብዙዎቹ ከዙሪያው ገጠር የመጡ ናቸው። መሬቱ ለም ነው፣ ግን ሰው በዝቶበታል። ለእነሱ ክፉ ቀን የሚያልፈው በደመወዝ ነው።

ከዲላ በፊት መሬቱ እንደገና ይወጣል። እንሰቱ ቤቶቹን ይውጣቸዋል።

ቀን 3፣ ሐምሌ 8። ይርጋ ጨፌ

እዚህ አንድ ቀን ሙሉ ቆየሁ። ባልቆይ ይቆጨኝ ነበር።

የጌዴኦ ማሳ ማሳ አይመስልም። ጫካ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ መሬት ላይ ጎመንና ቅመም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ገደሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ግን አፈሩ አልተሸረሸረም። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እየተመላለሰ ይጥላል። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ዛፍ ባይኖር አንድ ክረምት ይበቃው ነበር።

የማድረቂያ አልጋዎቹ ባዶ ናቸው። ቡናው ገና አረንጓዴ ነው። እሸቱ የሚቀላው ከጥቅምት በኋላ ነው። ያረፍኩበት ቤት እመቤት ወደ ጓዳ ወስደው ማዳበሪያ ጆንያ ፈትተው አሳዩኝ። ጀንፈል ነው፣ ባለፈው ዓመት የደረቀ። «ልጅ ሲታመም ሁለት ጣሳ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሦስት ጣሳ እሸጣለሁ» አሉኝ። እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከተው ፍሬውን አንኳኩልኝ። እንደ ሳንቲም ይጮኻል።

«ቡናውስ ዋጋ ቢያጣ?» አልኳቸው።

«እንሰቱ አለ አይደል» አሉና በመስኮት አመለከቱኝ። እንሰት ሲደርስ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ግን የቸገረ ቀን ይቆረጣል፣ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ይሆናል። ዝናብ አንድ ወቅት ቢዘገይም ሥሩ ውሃ ይዞ ይጠብቃል። የደጋው ገበሬ ጎተራ ከመሬት በላይ ነው፣ የጌዴኦ ግን ከመሬት በታች።

ስወጣ ከጆንያው አንድ እፍኝ ጀንፈል በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ለእህትህ ስጣት አሉኝ።

ቀን 4፣ ሐምሌ 9። ያቤሎ – ዱብሉቅ

ከቡሌ ሆራ በኋላ ደመናው አለቀ። በእውነት በአንድ ቁልቁለት ነው ያለቀው። ከኋላችን ክረምት፣ ከፊታችን በጋ። ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ። አዲስ አበባ በጎርፍ ስትታጠብ ቦረና ይደርቃል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዝናብ ፀሐይን ይከተላል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ በዚህ ታልፋለች፣ ስትመለስም ታልፋለች። ስለዚህ ቦረና ሁለት አጫጭር ዝናብ አለው። አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው፣ ቦረናዎች «ገና» የሚሉት ነው፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው «ሀገያ»። አንዱ ቢቀር ሌላው ይጠበቃል። ሁለቱም ሲቀሩ ግን ጉድ ይፈላል። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ወቅት በተከታታይ ሳይዘንብ ቀርቶ በአፍሪካ ቀንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። እኔ በዚያን ጊዜ ዜናውን ሰምቼ ወደ ክፍል ገብቼ ሌላ ነገር አስተማርኩ። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ዱብሉቅ «ቱላ» ከሚባሉት ዘጠኝ የቦረና የውሃ ጉድጓድ ቦታዎች አንዱ ነው። እስከ 30 ሜትር የሚጠልቁ አሉ። ከላይ ከብቶቹ በረድፍ ይወርዳሉ፤ መሬቱ ተቆፍሮ እንደ ሰፊ መንገድ ተሠርቷል። ከታች ወጣቶቹ በእንጨት መወጣጫ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውሃውን በባልዲ ይቀባበላሉ። ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ለጌጥ አይደለም። ባልዲው ወደ ላይ ሲወጣ ባዶው ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዱ አንድ ምት እንኳ ቢስት ውሃው ይደፋል። እኔ ጥጉን ይዤ ሳይ አንድ ላም ከገንዳው ቀና አለች። ከአፏ ውሃ ይንጠባጠባል። ዓይኖቿ ዳር ነጭ አቧራ ደርቋል። እረኛዋ በስሟ ሲጠራት ገንዳውን ትታ ወጣች፣ ተራዋ አለቀ። በደረቅ ወቅት ከብት የሚጠጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው። ተራውን የሚያወጣ ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይሉታል። ማንም ዘው ብሎ አይገባም።

አስተርጓሚ ሆኖ የመጣው የያቤሎ ልጅ ከአንድ አዛውንት ጋር አገናኘኝ። «አባባ፣ ለክፉ ቀን ምን ያስቀምጣሉ?» አልኩ። ከብቶቹን ይጠቁማሉ ብዬ ነበር። በዱላቸው መሬቱን ሲጭሩ ቆዩና እንዲህ አሉ፦

«ከብት ያልቃል። ላም የሰጠኸው ሰው ግን አለ።»

ልጁ ቡሳ ጎኖፋ ስለሚባለው ሥርዓት አብራራልኝ። ከብቱ ያለቀበትን ቤተሰብ ጎሳው ከየቤቱ አዋጥቶ እንደገና ያቆመዋል። አዛውንቱ በዚያ ድርቅ ከብቶቻቸው አልቀውባቸው ነበር። አሁን የያዟቸው ስድስት ላሞች ሌሎች የሰጧቸው ናቸው። ዝናቡ እዚህ ሰፈር ዘንቦ እዚያ ሰፈር ሊቀር በሚችልበት አገር ከዚህ የተሻለ ባንክ የለም። ማስታወሻዬን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ቀን 5፣ ሐምሌ 10። ሞያሌ

ሞያሌ አንድ ከተማ ነች፣ በሁለት ባንዲራ። በዚህም በዚያም ወገን ቦረንኛው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የተመረቀው የጋራ ድንበር ጣቢያ ነገሩን አቅልሎታል፤ መውጫውም መግቢያውም ማህተም አንድ ግቢ ውስጥ ይመታል። ብሩን ሽልንግ አደረግኩ። ሙቀቱ ከባድ ነው። በጊዜ ተኛሁ፣ አውቶቡሱ ከንጋቱ በፊት ነው የሚነሳው።

ቀን 6፣ ሐምሌ 11። ሞያሌ – ማርሳቢት

ይህ መንገድ ከጥቂት ዓመታት በፊት አስፋልት አልነበረም። በዕድሜ የገፋው ተሳፋሪ ጎረቤቴ በከብት መኪና ላይ ቀናት ይፈጅ እንደነበር ነገረኝ። ዛሬ በግማሽ ቀን ይገባል። እኛ ግን ዲዳ ጋልጋሉ ላይ ጎማ ፈነዳብንና አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን።

ደግ ነው ቆምን። ወርጄ ዙሪያዬን አየሁ። ጥቁር ድንጋይ፣ እስከ አድማስ ጥቁር ድንጋይ። ዱሮ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ዛፍ የለም። ነፋሱ ቆሞ ለመቆየት አይመችም፤ ሹፌሩ ጎማውን ሲፈታ ካርቶን አንጥፎ ነበር፣ ካርቶኑ በርሮ ሄደ። ሮጠን አልደረስንበትም።

ይህ ነፋስ የእኛ ተራሮች ሥራ ነው። በሰሜን የኢትዮጵያ ደጋ አለ፣ በደቡብ የኬንያ ደጋ። በመካከላቸው ዝቅ ያለ በር አለ። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው አየር በዚህ በር ይጨመቅና ይፈጥናል። ዝናቡን ሳይጥል ያልፋል። ስለዚህ ሰሜን ኬንያ ከምድር ወገብ አጠገብ ሆኖም ደረቅ ነው። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ምድር ወገብ ማለት ጫካ ማለት ነው ብለው ይጽፋሉ። እዚህ አምጥቼ ባቆማቸው!

በዚሁ በር አፍ፣ ከዚህ ወደ ምዕራብ በቱርካና ሐይቅ አቅራቢያ፣ 365 የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። 310 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የተመረቁት። የቱርካና ሐይቅም ውሃ አብዛኛው ከእኛው ከኦሞ ነው የሚመጣለት። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ላይ የጣለ ዝናብ በረሃ ውስጥ ሐይቅ ሆኖ ዓሣ ያበላል። ከወላይታ ሶዶ የተነሳው የኤሌክትሪክ መስመርም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የደጋችንን ወንዝ ጉልበት እየሸጠ ነው። ድንበሩን ቀደም ብለው የተሻገሩት ውሃና ነፋሱ ናቸው።

ወደ ማታ ማርሳቢት ደረስን። ከበረሃው መሃል ተራራ ይነሳል፤ ተራራው ጉም ለብሷል። ዛፎቹ ላይ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ከቀኑ ሙቀት ወጥቼ ሹራብ ለበስኩ። ስሙ ከአማርኛው «የማርሳ ቤት» የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ቡርጂ ናቸው፣ አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ለክፉ ቀን ምን እንደሚያስቀምጡ ስጠይቃቸው ወደ ጓሮ ወስደው ጣራው ሥር የተደረደሩ ሦስት ሮቶ አሳዩኝ። ጉሙ ጫካውን ያጠግባል እንጂ ከተማውን አያጠጣም። ገንዘብ ያለው ሰው የጣራ ውሃ ያጠራቅማል።

ቀን 7፣ ሐምሌ 12። ኢሲዮሎ – ናንዩኪ

አርቸርስ ፖስት ላይ ኢዋሶ ኒሮን ተሻገርን። ከድልድዩ በታች አሸዋው ሰፊ ነው፣ ውሃው ግን ቀጭን። ሴቶች አሸዋ ቆፍረው በጣሳ ይቀዱ ነበር።

ኢሲዮሎ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ቢጫ ጀሪካን እንደ ግንብ ተደርድሯል። የግመል ወተት ነው። ነጋዴዎቹ ሴቶች ናቸው፣ ከአርብቶ አደሩ ሰብስበው በሌሊት ወደ ናይሮቢ ይልኩታል። አንዷ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችልኝ፤ የጭስ ሽታ አለው፣ ዕቃው በእንጨት ጭስ ስለሚታጠን። ከብት ሲያልቅ ግመል ይተርፋል አለችኝ። ከድርቁ በኋላ ላም ያረባ የነበረ ብዙ ሰው ወደ ግመል ዞሯል። ሕዝቡ ካርታውን ሳያይ የአየሩን ለውጥ ቀድሞ አነበበው።

ከዚያ ዳገቱ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግመል ወደ ስንዴ ወጣን። ቲማው ላይ ሜዳው በስንዴና በግሪንሃውስ ተሸፍኗል። 5,199 ሜትር ከፍታ ያለው የኬንያ ተራራ ከደመናው በላይ ለአፍታ ብቅ አለ። ይህ ጎን የዝናብ ጥላ ነው፣ ብዙ አይዘንብበትም። የሚያጠጣው ከተራራው የሚወርደው ጅረት ነው። ጅረቶቹ ተሰብስበው ኢዋሶ ኒሮ ይሆናሉ። ጠዋት አሸዋ ቆፍረው የሚቀዱትን ሴቶች ያየሁበት ወንዝ! ላይኛው አበባ ሲያጠጣ ታችኛው ከብት ያደርቃል። ድርቅ በመጣ ቁጥር በዚህ ውሃ ጠብ ይነሳል።

ናንዩኪ መግቢያ ላይ በአጥር ውስጥ ሻኛቸው የቆመ፣ የሰቡ ከብቶች አየሁ። ለየኋቸው። የቦረና ዝርያ ናቸው። ነጭ ሰፋሪዎች ከእኛ ቦረና የመጡትን ዝርያ ላይኪፒያ ላይ አርብተው አሻሽለውታል። እዚህ ተራ አይጠብቁም። ገንዳቸው ሙሉ ነው።

ቀን 8፣ ሐምሌ 13። ናንዩኪ – ናይሮቢ

ከዋናው መንገድ ወጣ ብዬ የተራራውን ደቡብ ጥግ አየሁ። ይህኛው ወገን ዝናብ ይጠግባል። ሻይ ነው፣ ጉብታውን ሁሉ እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል። አንዲት እናት ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው ይቀጥፋሉ። ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ብቻ። ጣቶቻቸው ጥቁር ሆነዋል። ብርድ ስለሆነ ቅጠሉ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው አሉኝ። ለክፉ ቀን ምን ያስቀምጣሉ? ሳቁ። «ቦነስ!» ፋብሪካው በየወሩ ትንሽ ይከፍላል፣ ዋናው ሒሳብ በዓመት አንዴ ይመጣል። ትምህርት ቤት፣ ቆርቆሮ፣ ሠርግ ሁሉ ቦነስን ይጠብቃል። እንዲህ ያሉ አነስተኛ ሻይ አምራቾች በኬንያ ከ600 ሺህ በላይ ናቸው።

ግን መሬትና አየር ብቻ አልወሰነውም። ይህ ቀዝቃዛና ለም ደጋ ለአውሮፓውያን ተስማማ፣ ሰፊው መሬት ለእነሱ ተከለለ። አፍሪካውያን ቡና ለገበያ እንዳይተክሉ ለብዙ ዘመን ተከልክለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያስነሳው የማው ማው አመፅ ዋና ጥያቄው መሬት ነበር። ካርታው ላይ አረንጓዴ ቀለም ስቀባ ይህን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም።

ናይሮቢ በጭጋግ ጠበቀችን። እህቴ በካፖርት መጣች። ኢስሊ ሄደን እንጀራ በላን። ከፊት ለፊቱ ሱቅ የግመል ወተት ይሸጣል፣ ጀሪካኑ ቢጫ ነው። ጀንፈሉን ሰጠኋት። አሸተተችውና ምንም ሳትል ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቀን 9፣ ሐምሌ 14። በባቡር ወደ ሞምባሳ

ናይሮቢ ራሷ የባቡር ልጅ ነች። እ.ኤ.አ. በ1899 ሐዲዱ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት የዕቃ ማከማቻ የሆነች ረግረግ ሜዳ ነበረች። አሁን የምንሄደው እ.ኤ.አ. በ2017 በተከፈተው አዲስ መስመር ነው። ጻቮ ላይ አፈሩ ቀይ ነው፣ ዝሆኖቹም ተንከባልለውበት ቀልተዋል። ቮይ አካባቢ ቃጫ፣ ከዚያ ባኦባብ፣ ከዚያ ኮኮናት። ከ1,500 ሜትር በላይ በአምስት ሰዓት ግድም ወረድን። በር ሲከፈት እርጥብ ሙቀት ፊቴን መታኝ።

ቀን 10፣ ሐምሌ 15። ሞምባሳ

የሞምባሳ ትልቁ ወደብ ኪሊንዲኒ ይባላል፤ ጥልቅ ውሃ ያለበት ቦታ ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ሀብት ምሥጢር እዚያ ስም ውስጥ ነው። አፍሪካ ከአውሮፓ ሦስት እጥፍ ትሰፋለች፣ የባሕር ዳርቻዋ ግን ያጥራል። ገብ ያለ፣ የተፈጥሮ ወደብ የሚሆን ቦታ ጥቂት ነው። 16 አገሮች ባሕር የላቸውም፣ የእኛም አንዷ ናት። ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ደቡብ ሱዳን ዕቃቸውን በዚህ ያስገባሉ። በየሳምንቱም የምሥራቅ አፍሪካ ሻይ እዚህ ለጨረታ ይቀርባል፤ የትናንት ወዲያዋ እናት ቦነስ የሚወሰነው እዚህ ነው።

ከሰዓት በአሮጌው ከተማ ወደ ትንሹ ወደብ ወረድኩ። ሐምሌ የኩሲ ነፋስ ወር ነው፣ ከደቡብ የሚነፍሰው። ባሕሩ ሻካራ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ደግሞ ካስካዚ ከሰሜን ይመጣል። የዐረብና የሕንድ መርከበኞች ለዘመናት በአንዱ መጥተው በሌላው ይመለሱ ነበር። ከተማዋን የሠራት ይህ የነፋስ ቀጠሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1593 ፖርቱጋሎች ፎርት ጂሰስን መገንባት የጀመሩትም ይህንኑ ንግድ ለመቆጣጠር ነው።

አንድ ጀልባ በደረቅ ላይ ተዘንብሏል። አንድ ሽማግሌና አንድ ልጅ በሳንቃዎቹ መካከል ጥጥ እየጠቀጠቁ ነው። በልጁ እንግሊዝኛ ሽማግሌውን ለክፉ ቀን ምን እንደሚያስቀምጡ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው መዶሻቸውን አላቆሙም።

«ክፉው ቀን ይኸው ነው» አሉ። «በኩሲ ከሪፉ፣ ከኮራሉ አለት፣ ውጭ አንወጣም። ስለዚህ ጀልባ እንጠግናለን። ካስካዚ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀናል።»

አንድ እፍኝ ጥጥ አቀበሉኝ። ዘይት ጠጥቷል። እንደሳቸው ጠምዝዤ ክፍተቱ ውስጥ ከተትኩት፣ ልጁ በትንሿ ሽብልቅ መታ አደረገልኝና ቀጣዩን ክፍተት አሳየኝ።